የኢንተርኔት ስም የሚያበቃበት ቀንና አጠራጣሪው የግዢ ደብዳቤ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲም ወደ አቃቂ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚያልፍ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲመለከት አስቀድሞ የሚያነበው በየፋብሪካውና በየመጋዘኑ በር ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ዱቄትና ሌላም ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሠራበት ይህ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ከተዘረጋበት ዘመን ጀምሮ የዕቃ መተላለፊያ ሁኖ ኖሯል። ዛሬም የቃሊቲ ጉምሩክና ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርደው የፍጥነት መንገድ የሚገኙት በዚሁ ክፍል ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ የነጋዴው ስም በበሩ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከመታየቱ በፊት ደምበኛውን የሚያሳምን፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ዱቤ የሚያሰጥ ሀብት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአበው ብሂል በንግድም ላይ ይሠራል።

በአሁኑ ዘመን ግን አንድ ድርጅት ሁለት በር አለው። አንደኛው በአውራ ጎዳናው ላይ የሚከፈተው የብረት በር ሲሆን፣ ሁለተኛው በኢንተርኔት ላይ የሚከፈተው ነው። አቃቂ ድምፁን በአየር ወደ ሩቅ አገር ሲያሰማ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በ1927 ዓ.ም. በዚያው የተመረቀው የራዲዮ ጣቢያ የኢትዮጵያን ቃል ባሕር አሻግሮ ለዓለም ያደርስ ነበር። ዛሬ ይህን ተግባር ለእያንዳንዱ ድርጅት የሚፈጽምለት ዶሜይን የተባለው የኢንተርኔት ስሙ ነው። ደምበኛው ዋጋ የሚጠይቀው፣ የውጭ አገር ዕቃ አቅራቢው የዋጋ ማቅረቢያ የሚልከው፣ ባንኩም ማስታወቂያ የሚጽፈው በዚህ ስም ነው። ይህን ሁለተኛ በር ግን ብዙ ነጋዴ እንደ ፊተኛው አይጠብቀውም። የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለና የውሉ ዘመን መቼ እንደሚያልቅ የማያውቅም ጥቂት አይደለም። አጠራጣሪ የግዢ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች የሚጠቀሙትም በዚህ አለማወቅ ነው።

የደብዳቤው አመጣጥ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በቃሊቲ ሚስማርና ሽቦ የሚያመርት አንድ ድርጅት አለ ተብሎ ይታሰብ። ምሳሌው የአንድ የታወቀ ድርጅት ታሪክ ሳይሆን በብዙ አገር የሚደጋገመውን አሠራር ለማሳየት የቀረበ ነው። በሰኔ ወር መጨረሻ ለሥራ አስኪያጁ በኢሜይል አንድ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው፣ «የድርጅትዎን የኢንተርኔት ስም በ8,000 የአሜሪካ ዶላር ለመግዛት የሚፈልግ ደምበኛ አለን። የስሙ የምዝገባ ዘመን በቅርቡ የሚያበቃ ስለ ሆነ መልስዎን በአምስት ቀን ውስጥ እንጠብቃለን» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ድርጅቱ ሌላ አጠር ያለ ስም ለመመዝገብ አስቦ ስለ ነበረ አሮጌውን ለመሸጥ ይፈቅዳል። ጥሬ ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣ ፋብሪካ 8,000 ዶላር የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። መልሱን በላከ ማግሥት ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል። ገዢው ዋጋውን ተቀብሏል፤ ነገር ግን ስሙ ይህን ያህል እንደሚያወጣ የሚያረጋግጥ የግምት የምስክር ወረቀት እንዲቀርብለት ይፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ይህ ነው፤ ክፍያውም 150 ዶላር ብቻ ነው ይላል። ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡ እንዲላክ ሲያዝዝ ሒሳብ ሹሙ፣ «ጌታዬ፣ ዕቃውን የሚገዛው እርሱ ከሆነ የማስገመቻውን ገንዘብ እኛ የምንከፍለው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ዓይነቱ ማታለል ገዢ የሚባለውና ገማች የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው። 8,000ው ዶላር ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ የሚፈለገው 150ው ነው። ገንዘቡ እንደ ተከፈለ ገዢው ድምፁን ያጠፋል። ሻጩም ገንዘቡን ከማጣቱ በላይ፣ ስለ ሽያጩ ሲያስብ የስሙን ምዝገባ ሳያድስ የቀረ እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ስሙ የተገዛ ሳይሆን የተከራየ ነው

ብዙ ሰው የኢንተርኔት ስም እንደ ገዛ አድርጎ ይናገራል። ነገሩ ግን ከግዢ ይልቅ ለኪራይ ይቀርባል። በዶት ኮም የሚያበቃ ስም ከአንድ ዓመት እስከ ዐሥር ዓመት ለሚደርስ ዘመን ይመዘገባል፤ ዘመኑም ሲያልቅ ካልታደሰ በመጨረሻ ለማንኛውም ሰው ክፍት ይሆናል። የእነዚህን ስሞች ጠቅላላ ሥርዓት የሚመራው በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የተቋቋመው አይካን የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ስሙን ለነጋዴው የሚመዘግቡት ከእርሱ ዕውቅና የተሰጣቸው መዝጋቢ ኩባንያዎችና የእነርሱ ወኪሎች ናቸው። ኢትዮጵያ ደግሞ ዶት ኢቲ የሚባለውን የራስዋን መለያ በጥቅምት ወር 1988 ዓ.ም. ያገኘች ሲሆን፣ ይህን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

የደብዳቤው ጸሐፊ የስሙን ማብቂያ ቀን እንዴት ዐወቀ የሚለው ጥያቄ ብዙ ነጋዴዎችን ያስደነግጣል። አንዳንዱም ከመሥሪያ ቤቱ ምሥጢር የወጣ ይመስለዋል። ምሥጢር ግን የለበትም። የእያንዳንዱ ዶት ኮም ስም መዝገብ ማንም ሊጠይቀው የሚችል ነው፤ መቼ እንደ ተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያበቃና በየትኛው መዝጋቢ በኩል እንደ ተያዘ በግልጽ ይነበባል። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከጸና በኋላ የባለቤቶቹ ስምና አድራሻ በአብዛኛው ከመዝገቡ ተሸፍኗል፤ ቀኑ ግን አልተሸፈነም። የድርጅቱ የኢሜይል አድራሻ ደግሞ ደምበኛ ሊያገኘው ሲባል በራሱ ገጽ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ አታላዩ ሁለቱን ከማገናኘት በቀር ሌላ ድካም የለበትም።

የአጠራጣሪ ደብዳቤዎች ዓይነት

ከላይ ከተገለጸው የግምት ወረቀት ማታለል ሌላ ነጋዴው ሊያውቃቸው የሚገቡ አራት ዓይነት ደብዳቤዎች አሉ።

የመጀመሪያው የዕድሳት ደረሰኝ መስሎ የሚመጣው ነው። ማኅተምና ቁጥር ያለበት፣ የክፍያውም ቀን የተወሰነበት ስለ ሆነ ሒሳብ ክፍሉ እንደ ማንኛውም ዕዳ ሊከፍለው ይችላል። በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ላነበበ ግን፣ ላኪው ስሙን የመዘገበው ኩባንያ ሳይሆን ስሙን ወደ ራሱ ለማዛወር የሚፈልግ ሌላ ድርጅት ሁኖ ይገኛል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ በፖስታ ይልክ የነበረን ድርጅት ከሶ አሠራሩን እንዲያቆም አድርጓል። ልማዱ ግን ከፖስታ ወደ ኢሜይል ተሻግሮ እስከ ዛሬ አለ።

ሁለተኛው የማስፈራሪያ ደብዳቤ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ የተጻፈ መስሎ ይመጣና፣ አንድ ኩባንያ የእናንተን ስም በቻይናና በእስያ መለያዎች ሊያስመዘግብ አመልክቷል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተቃወማችሁና እናንተው ካላስመዘገባችሁት ስሙን ለእርሱ እንሰጣለን ይላል። አመልካች የተባለው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ የለም፤ የሚፈለገው ነጋዴው ደንግጦ የማያስፈልጉትን ስሞች በውድ ዋጋ እንዲያስመዘግብ ነው።

ሦስተኛው የሌላን ሰው ዕቃ የሚሸጠው ደብዳቤ ነው። ነጋዴው ስሙን በዶት ኢቲ አስመዝግቦ እንደ ሆነ፣ የዚሁ ስም ዶት ኮም በቅርቡ ይለቀቃልና በብዙ መቶ ዶላር ልንሸጥልዎ ዝግጁ ነን ይባላል። ጸሐፊው በዚያ ቀን የስሙ ባለቤት አይደለም። ነጋዴው የተስማማ እንደ ሆነ ስሙ ሲለቀቅ በጥቂት ዶላር አስመዝግቦ አትርፎ ይሸጥለታል፤ ካልተስማማም የሚያጣው ነገር የለም። ነጋዴው ራሱ ስሙ የሚለቀቅበትን ቀን ቢጠባበቅ ወይም ለመዝጋቢው ቀድሞ ትእዛዝ ቢሰጥ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ሊያገኘው ይችል ነበር።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው እውነተኛ ገዢ መስሎ የማዛወሪያውን የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቀው ነው። ገንዘቡን ታማኝ በሆነ የአደራ ተቋም አስቀምጠናል ብሎ የተቋሙን ገጽ አስመስሎ ሠርቶ ያሳያል፤ ወይም በኋላ የሚመለስ ቼክ ይልካል። ሻጩ ቁጥሩን የሰጠ እንደ ሆነ ስሙ ወደ ሌላ አገር መዝጋቢ ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ማስመለሱ አድካሚ ነው።

በዚህ አንጻር የግዢ ጥያቄ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የኢንተርኔት ስም መግዛትና መሸጥ በዓለም ላይ የታወቀ ሕጋዊ ንግድ ነው። ይሁን እንጂ እውነተኛ ገዢ ሻጩን ገንዘብ አያስከፍልም፤ የአደራውን ተቋም ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ይመርጡታል፤ የማዛወሪያውም ቁጥር የሚሰጠው ገንዘቡ መግባቱን ሻጩ ራሱ ከአደራው ተቋም ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ዘመኑ ካለፈ በኋላ ያሉት ቀኖች

ከነሐሴ 2005 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የአይካን ደንብ መሠረት መዝጋቢው ኩባንያ ለባለቤቱ ሦስት ማስታወቂያ መላክ አለበት፤ ዘመኑ ሊያበቃ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው አንድ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሁለተኛ፣ ካበቃ በኋላም በአምስት ቀን ውስጥ ሦስተኛ። ማስታወቂያው የሚላከው ግን በመዝገቡ ላይ ወደ ተጻፈው አድራሻ ነው። አድራሻው ሥራውን የለቀቀ ሠራተኛ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወይም ዘመኑ በሚያበቃው በዚያው ስም ላይ የተከፈተ እንደ ሆነ፣ የመጨረሻው ማስታወቂያ ለማንም አይደርስም።

የዶት ኮም ስም ዘመኑ ካለፈ በኋላ እንደ መዝጋቢው ልማድ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የምሕረት ጊዜ ሊኖረው ይችላል። ከዚያም ስሙ የሚዋጅበት የ30 ቀን ጊዜ ይከተላል፤ በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ስሙን ለመመለስ ከዕድሳቱ ዋጋ ሌላ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል። በመጨረሻም አምስት ቀን አለ፤ በእነዚህ ቀኖች ባለቤቱም ቢሆን ሊያድሰው አይችልም፤ ቀኖቹ ሲፈጸሙ ስሙ ቀድሞ ለደረሰ ሁሉ ይሆናል። አንዳንድ መዝጋቢዎች ደግሞ የምሕረቱ ጊዜ ሳይፈጸም ስሙን በሐራጅ ስለሚያቀርቡት፣ ገና ብዙ ቀን አለኝ ብሎ መዘናጋት አደጋ አለበት። የዶት ኢቲ ስሞች በዚህ ደንብ ሳይሆን በራሳቸው አስተዳዳሪ ደንብ የሚመሩ ስለ ሆኑ ነጋዴው የእነርሱን ሁኔታ ከኢትዮ ቴሌኮም መጠየቅ ይገባዋል።

መርሳት የትንሽ ድርጅት ጉድለት ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ነገር ማስታወስ ይበቃል። በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) ማይክሮሶፍት የተባለው ታላቅ ኩባንያ ፓስፖርት ዶት ኮም ለሚባለው ስሙ 35 ዶላር ሳይከፍል ስለ ቀረ፣ በሆትሜይል የሚጻጻፉ ብዙ ሰዎች ደብዳቤአቸውን መክፈት አልቻሉም ነበር። ገንዘቡን ከኪሱ ከፍሎ ያዳነው የኩባንያው ሰው ያልሆነ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ ያለ ቅን ሰው አያጋጥመውም።

ጉዳቱ ከስሙ በላይ መሆኑ

ስሙ በሌላ ሰው እጅ የወደቀ እንደ ሆነ ጉዳቱ የአንድ ገጽ መጥፋት ብቻ አይደለም። አዲሱ ባለቤት በዚያ ስም የኢሜይል ሣጥን መክፈት ስለሚችል፣ ለአሮጌው ድርጅት ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ ለእርሱ ይደርሰዋል። ሽቦ የሚልከው የውጭ አገር ፋብሪካ፣ ዕቃውን የሚያስለቅቀው የጉምሩክ አስተላላፊ፣ የባንኩም ሠራተኛ ስሙ እንደ ተለወጠ አያውቁም። አዲሱ ባለቤት በድርጅቱ ስም ለደምበኞች፣ የባንክ ሒሳባችን ተለውጧልና ገንዘቡን ወደዚህ አስገቡ ብሎ ቢጽፍ፣ አድራሻው ትክክለኛ ስለ ሆነ የሚጠረጥረው ሰው አይኖርም። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓመት የንግድ ኢሜይልን መሣሪያ ባደረገ ማታለል ብቻ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደ ተመዘገበ አስታውቋል። ይህ ሁሉ የደረሰው ባለፈባቸው ስሞች አይደለም፤ ነገር ግን የታመነ አድራሻ በሌባ እጅ ሲገባ ምን ያህል እንደሚያወጣ ያሳያል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በአገራችን ይህን አደጋ የሚያብሰው አንድ የታወቀ ምክንያት አለ። ለብዙ ዓመታት በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለነጋዴው አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ የዶት ኮም ስም የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ገጹን በሠራው ባለሙያ ወይም በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ካርድ ነበር። በዚህም ምክንያት በመዝገቡ ላይ የሚገኘው የድርጅቱ ስም ሳይሆን የከፋዩ ነው። ባለሙያው ሌላ ሥራ ቢይዝ፣ ዘመዱም አድራሻውን ቢለውጥ፣ ድርጅቱ በገዛ ስሙ ላይ ምንም ሥልጣን የሌለው ሁኖ ይገኛል። በመካከሉ ያለው ሰው በቅንነት የረዳ ሊሆን ይችላል፤ ቅንነት ግን የጽሑፍ ውልን አይተካም።

በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ስሙን ያስመዘገበ ነጋዴ ስሙ በኢንተርኔትም ላይ የተጠበቀለት ሊመስለው ይችላል። ሁለቱ መዝገቦች ግን የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስከብርም። ይልቁንም ዶት ኮም ስሙ በክፉ ልብ የተወሰደበት ሰው በጄኔቫ በሚገኘው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዘንድ ለማመልከት ይችላል። ይህ የክርክር ሥርዓት በ1992 ዓ.ም. የጸደቀ ሲሆን፣ አመልካቹ ሦስት ነገር እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ ስሙ መብት ካለው የንግድ ምልክት ጋራ አንድ ወይም የሚያሳስት መሆኑን፣ ያዡ ተገቢ ጥቅም የሌለው መሆኑን፣ ስሙም በክፉ ልብ የተመዘገበና የተሠራበት መሆኑን። በአንድ ዳኛ ለሚታይ እስከ አምስት ስም ለሚደርስ ጉዳይ መክፈቻው 1,500 ዶላር ነው። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክቱን ያስመዘገበ ነጋዴ ካላስመዘገበው ይልቅ የጸና ማስረጃ ይኖረዋል። የንግድ ምልክቱ ጥበቃም ሰባት ዓመት ሁኖ የሚታደስ ስለ ሆነ የእርሱም ቀን መዘንጋት የለበትም።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

አንደኛ፤ በአይካን መጠይቂያ ገጽ የድርጅቱን ስም አስፈልጎ መዝጋቢውንና የሚያበቃበትን ቀን በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ወረቀቱንም ከንግድ ፈቃዱ ጋራ በአንድ ፋይል ማስቀመጥ።

ሁለተኛ፤ ስሙ በድርጅቱ እንጂ በግለሰብ ስም አለመመዝገቡን ከመዝጋቢው ማረጋገጥ፤ በግለሰብ ስም ከሆነ በጽሑፍ ስምምነት ማዛወር።

ሦስተኛ፤ ለማስታወቂያ የሚሰጠው የኢሜይል አድራሻ በዚያው ስም ላይ የተከፈተ እንዳይሆን ማድረግ፤ ከአንድ የበለጡ ኀላፊዎችም እንዲያዩት ማዘጋጀት።

አራተኛ፤ ዕድሳቱን ለመጨረሻው ሳምንት አለማቆየት፣ ቢቻል ለብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ መክፈል፣ መዛወርን የሚከለክለውንም ቁልፍ ማስደረግ።

አምስተኛ፤ የግዢም ሆነ የዕድሳት ደብዳቤ ሲመጣ በደብዳቤው ውስጥ ያለውን መገናኛ ሳይነኩ በቀጥታ ወደ መዝጋቢው ገጽ ገብቶ መመልከት። ሻጩ አስቀድሞ እንዲከፍል የሚጠይቅን ገዢ ሳይመልሱ መተው።

ስድስተኛ፤ የተታለለ ሰው ሳያፍር ደብዳቤዎቹንና የክፍያውን ማስረጃ ጠብቆ ወዲያው ለባንኩና ለፖሊስ ማመልከት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸምን ማታለል ያስቀጣል።

ወደ ምሳሌው ለመመለስ፣ የሚስማር ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የሒሳብ ሹሙን ጥያቄ ሰምቶ ገንዘቡን ከመላክ ቢቆጠብና መዝገቡን ቢያስፈልግ ሁለት ነገር ያገኛል። ስሙ ሊያበቃ የቀረው 23 ቀን ነው፤ የተመዘገበውም ከሦስት ዓመት በፊት ገጹን ሠርቶ በሄደው ወጣት ስም ነው። 23 ቀን ወጣቱን ፈልጎ ለማግኘት፣ ዕድሳቱን ለመክፈልና ስሙን ወደ ድርጅቱ ለማዞር ይበቃል። ከሐምሌ በኋላ ቢሆን ግን በዚያው አድራሻ የዋጋ ማቅረቢያ የሚቀበለው ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው ሁሉ፣ የ8,000 ዶላሩ ደብዳቤ ለፋብሪካው ያስገኘው ጥቅም ቢኖር በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ቀን እንዲመለከት ማድረጉ ብቻ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኝ ነጋዴ ሁሉ ይህን ቀን ደብዳቤው ሳይመጣ አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል።